ጥይትን በአየር ላይ ያስቆመው ብልጭታ፦ የፈጣን ፍላሽ ፎቶግራፍ አጀማመር እና የአንድ ምስል ምስክርነት

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦር ተማዘዙ። ብዙም ሳይቆይ ከጦር ሜዳው ጎን ለጎን ሌላ ውጊያ ተከፈተ፤ የክስ ውጊያ። ሐኪሞች የሚያክሙት ቁስል አስደንግጧቸው ነበር። ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ በወጣበት በኩል ግን ሥጋው ተበጣጥሶ፣ አጥንቱ ደቅቆ፣ ቦታው ጎድጉዷል። ተራ ጥይት እንዲህ አያደርግም ተባለ። ጠላት የሚፈነዳ ጥይት ይተኩሳል የሚል ክስ ከአንዱ ወገን ተነሣ፤ ሌላውም ያንኑ ክስ መልሶ ወረወረ።

ክሱ ቀላል አልነበረም። ከጦርነቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1868፣ መንግሥታት ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ተሰብስበው ክብደቱ ከ400 ግራም በታች የሆነ ፈንጂ ጥይት በጦርነት ላይ እንዳይውል ተስማምተዋል። ፈረንሳይም ፕሩሲያም በስምምነቱ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ክሱ እውነት ከሆነ ከሳሽ የሚለው ጠላቴ ጨካኝ ነው ብቻ ሳይሆን፣ ጠላቴ የፈረመውን ቃል አጥፏል ነው።

ፈረንሳዮች የያዙት ሻስፖ የተባለውን ጠመንጃ ነበር። ይህ ጠመንጃ በ1874 ተሻሽሎ «ፉዚል ግራ» ሆነ፤ ኢትዮጵያ ገብቶ ስሙ በአማርኛ አፍ «ውጅግራ» የተባለው እሱ ነው። ጥይቱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይበር ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ አለ፣ ጥይቱም አለ፤ በሁለቱ መካከል የሆነውን ያየ ግን የለም። ሊያይ የሚችል ዓይንም አልነበረም። ምስክር በሌለበት ደግሞ ሁሉም የሚያምነው የራሱን ወገን ነው።

ዛሬ «ፈጣን ፍላሽ ፎቶግራፍ» የሚባለው ሙያ የወተት ጠብታ ዘውድ ሲሠራ፣ ፊኛ ሲፈነዳ፣ ጥይት ፖም ሲበሳ የሚያሳዩ ውብ ምስሎችን በማንሳት ይታወቃል። ከታሪኩ ትልቅ ክፍል በስተጀርባ ያለው ግን ይህ ክስ ነው። ታሪኩን ማወቅ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል። በየቀኑ ስልኩ ላይ «ማስረጃው ይኸው» ተብሎ ምስል ለሚደርሰው ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

▪️ ፍጥነቱ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው

ብዙ ሰው ፈጣን ነገርን ለማንሳት ፈጣን ካሜራ ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። ሂሳቡ ግን ሌላ ይላል። በሰከንድ 400 ሜትር የሚበር ጥይት በሰከንድ አንድ ሺኛ ውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የዛሬ ጥሩ ካሜራ ሸተሩን በሰከንድ 1/8,000 ከፍቶ ቢዘጋ እንኳ ጥይቱ በዚያች ቅጽበት 5 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል። ምስሉ ላይ የሚታየው የተዘረጋ ጭረት እንጂ ጥይት አይደለም። በ1870 ደግሞ ሰው ፎቶ ለመነሣት ለሰከንዶች ያህል ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት።

መፍትሔውን ክረምት በገባ ቁጥር ሁሉም ሰው ያየዋል። በጨለማ ሌሊት መብረቅ ብልጭ ሲል ነፋስ የሚያንገላታው ዛፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ የዝናቡም ዘለላ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይታያል። ዛፉ አልቆመም፤ ዓይንም አልፈጠነም። ያጠረው ብርሃኑ ነው። ከብልጭታው በፊትና በኋላ ጨለማ ስለሆነ፣ ዓይን የደረሰው የዚያች ቅጽበት ምስል ብቻ ነው።

ስለዚህ ክፍሉን ማጨለም፣ ካሜራውን ከፍቶ መተው፣ ከዚያም እጅግ አጭር ብርሃን በትክክለኛው ቅጽበት ማብራት በቂ ነው። የሸተሩን ሥራ ብርሃኑ ይሠራዋል። የሙያው መሠረት ይህ ብቻ ነው።

ይህን በፎቶ ያሳየው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው፤ ጊዜውም ከፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት 19 ዓመት በፊት። ታልቦት ከፎቶግራፍ ፈጣሪዎች አንዱ ነበር። በሰኔ 1851 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከታይምስ ጋዜጣ የተቆረጠ ገጽ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ለጠፈ። መንኮራኩሩ በፍጥነት ሲዞር ጽሑፉ ለዓይን ድብዝዝ ያለ ክብ ነው። ታልቦት ክፍሉን አጨለመ፤ ካሜራውን ከፈተ፤ በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ከነበሩት የላይደን ጠርሙሶች አንድ ብልጭታ ለቀቀ። ሳህኑ በኬሚካል ሲታጠብ በሚሽከረከረው ጋዜጣ ላይ ያሉት ፊደላት የሚነበቡ ሆነው ወጡ።

መሣሪያው እንግዲህ ተገኝቶ ነበር፤ ከባድ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ገና አልመጣም።

▪️ ፊዩሜ፣ 1886

ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የቁስሉ ጉዳይ አልተዘጋም። ቤልጅየማዊው ሳይንቲስት ሉዊ ሜልሰንስ አንድ መላምት አቀረበ። ፈጣን ጥይት ከፊቱ የታመቀ አየር እየገፋ ይሄዳል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ያ አየር እንደ ፈንጂ ይበተናል። መላምቱ እውነት ከሆነ ማንም ፈንጂ ጥይት ሳይተኩስ ቁስሉ የፈንጂ ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱም ወገኖች የከሰሱት በሌለ ወንጀል ነው ማለት ነው።

በ1881 ፓሪስ ላይ ሜልሰንስ ሲናገር ካዳመጡት መካከል ኤርንስት ማኽ ይገኝበታል። ማኽ በፕራግ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። የማይታይን ነገር ያለ ማስረጃ የማይቀበል፣ በዚህም ከዘመኑ ሊቃውንት ጋር የሚከራከር ሰው ነው። እናም ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ የታመቀው አየር ካለ፣ ለምን አናየውም?

አየርን ማየት የሚቻልበት ዘዴ ነበር። በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ አየሩ ሲርገበገብ የሚታየው የሞቀውና የቀዘቀዘው አየር ብርሃንን በተለያየ መጠን ስለሚያጥፉት ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቶፕለር በ1860ዎቹ ይህንን በሌንስና በስለት አጉልቶ የሚያሳይ ዘዴ ሠርቷል። የታመቀ አየር በዚህ ዘዴ ሲታይ እንደ ጥላ ጎልቶ ይወጣል። የቀረው ጥይቱንና አየሩን በአንድ ቅጽበት መያዝ ነው።

ማኽ በፕራግ ያደረገው ሙከራ ከጥይቱ ፊት ምንም አላሳየም። ምክንያቱን ግን ጠረጠረ፤ የተኮሰው ጥይት ከድምፅ የዘገየ ነበር። ጥይት ከድምፅ ከዘገየ አየሩ ቀድሞት መንገድ ይለቃል፤ ከድምፅ ከቀደመ ግን አየሩ መሸሻ ጊዜ ስለማያገኝ ከፊቱ ይታመቃል። ስለዚህ ፈጣን ጠመንጃ አስፈለገ። ማኽ ወደ ፊዩሜ ጻፈ፤ የዛሬዋ የክሮኤሺያ ሪየካ ናት። በዚያ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ የባሕር ኃይል አካዳሚ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ፒተር ዛልኸር ሥራውን ተቀበለ።

የዛልኸር ትልቁ ችግር ብልጭታውን መቼ ማብራት እንዳለበት ነበር። ጥይቱ በሌንሱ ፊት የሚያልፍበት ጊዜ ሰው «አሁን» ብሎ ሊናገር ከሚችልበት ጊዜ በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። መልሱ ጥይቱ ራሱ ብርሃኑን እንዲያበራ ማድረግ ሆነ። በመንገዱ ላይ ሁለት ሽቦዎች ተተከሉ፤ ጥይቱ ሲደርስ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይገናኛል፤ የላይደን ጠርሙሱ ይተኩሳል፤ ብልጭታው ይበራል። ከምስሎቹ ላይ ከጥይቱ አጠገብ ቀጥ ብለው የቆሙ መስመሮች ይታያሉ። የማስነሻ ሽቦዎቹ ናቸው።

በ1886 ምስሉ ተገኘ፤ በ1887 ማኽና ዛልኸር ውጤቱን በቪየና አካዳሚ በኩል ለዓለም አሳወቁ። ሳህኑ ላይ ያለው ጥይት ጥቃቅን ነበር። ከፊቱ ግን ጀልባ ውሃ ስትሰነጥቅ እንደምታወጣው ማዕበል የታጠፈ መስመር በግልጽ ይታያል፤ ከኋላውም የተበጠበጠ አየር ይከተላል። የሰው ልጅ ከድምፅ የፈጠነ ነገር አየሩን እንዴት እንደሚቀድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ አየ። ዛሬ የተዋጊ አውሮፕላን ፍጥነት «ማክ 2» ሲባል ስሙ የዚህ ሰው ነው፤ ስያሜውን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ያኮብ አከሬት ያወጣው በ1929 ነው።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጋነናል። ምስሉ ክሱን ፈታው፣ ፈረንሳይን ነፃ አወጣት ይባላል። አላወጣትም። ምስሉ ያሳየው በአየር ላይ ያለን ጥይት ነው፤ ሥጋ ውስጥ የገባን ጥይት አይደለም። ቁስሉ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በአጥጋቢ ሁኔታ የታወቀው በኋላ ነው። ፈጣን ጥይት ጉልበቱን ውሃ ለበዛበት የሰውነት ክፍል ሲያስተላልፍ ሥጋው ወደ ጎን ይገፋል፤ ለቅጽበት ሰፊ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ ከዚያ ተመልሶ ይከደናል። ለዚህ ፈንጂም ሆነ ተሸክሞት የሚገባ አየር አያስፈልገውም።

ታዲያ የፊዩሜው ምስል ምን ሠራ? ጥያቄውን ቀየረው። እስከዚያ ድረስ ክርክሩ ማን ዋሸ የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍጥነት በቁስ ላይ ምን ያደርጋል ወደሚል ተዛወረ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በድምፅ ብዛት ነው፤ ሁለተኛው በሙከራ። አንድ ምስል ፍርድ ሳይሰጥም ይህን ያህል ሊጠቅም ይችላል።

▪️ የዋርቲንግተን ጠብታ

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አርተር ዋርቲንግተን የተባለ የፊዚክስ መምህር ሰላማዊ ነገር ያጠና ነበር፦ ጠብታ ፈሳሽ ላይ ሲወድቅ የሚሆነውን። ጉዳዩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ውጤቱ ግን ስለ ምስክርነት ከጥይቱ ምስል የበለጠ ያስተምራል።

ዋርቲንግተን ከ1870ዎቹ ጀምሮ በጨለማ ክፍል ጠብታ እየጣለ፣ በተወሰነ ቅጽበት የኤሌክትሪክ ብልጭታ እያበራ፣ ዓይኑ ላይ የቀረውን ምስል በፍጥነት ይስል ነበር። ከዚያ ብልጭታውን ጥቂት ያዘገይና የሚቀጥለውን ደረጃ ይስላል። ለዓመታት እንዲህ አድርጎ የጠብታን ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታታይ ሥዕል አቀረበ። ሥዕሎቹ እጅግ ውብ ነበሩ፤ ዘውዱ ክብ፣ ጫፎቹ እኩል፣ ርቀታቸው የተመጣጠነ።

በ1894 ያንኑ ነገር በፎቶ ሳህን ላይ መያዝ ቻለ። ሳህኖቹ ያሳዩት ሌላ ነው። ዘውዱ ጎበጥ ያለ፣ አንዱ ጫፍ ረጅም ሌላው አጭር፣ አንዱ ጎን የተሰበረ ነበር። ፍጹም ክብ የሆነ ጠብታ እምብዛም አልተገኘም። ዋርቲንግተን ወደ ቀድሞ ማስታወሻዎቹ ተመለሰ። እዚያም የተዛቡ ጠብታዎችን ዓይኑ አይቷቸው እንደነበር፣ ሆኖም እንደ ስሕተት ቆጥሮ እየተዋቸው ቆንጆውን ብቻ እየመረጠ ማሳተሙን ተረዳ። ይህንንም ራሱ በጽሑፉ አወጣው።

አልዋሸም። ተፈጥሮ ሥርዓት ያለው መሆን አለበት ብሎ ስላመነ፣ ከእምነቱ ጋር የሚስማማውን ጠብታ «እውነተኛ»፣ የማይስማማውን «አጋጣሚ» ብሎ ለየ። ሰው የሚያየው የሚጠብቀውን ነው የሚለው አባባል ለሁሉም አፍ ቀላል ነው። ዋርቲንግተን ግን ለሃያ ዓመት ገደማ የሠራውን ሥራ በገዛ ሳህኑ አስመርምሮ ይህን በራሱ ላይ አረጋገጠ።

▪️ ከወተት ጠብታ እስከ ኑክሌር ቦምብ

የላይደን ጠርሙስ ብልጭታ ደካማ ነበር፤ ከቤተ ሙከራ አልወጣም። የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጠቀሙበት የማግኒዥየም ዱቄት ደግሞ ብርሃኑ ኃይለኛ ቢሆንም የሚነደው ቀስ ብሎ ነው፤ ጭሱና እሳቱም አደገኛ ነበር። በ1929 የመጣው የፍላሽ አምፖል ጭሱን አስቀረ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በርቶ ይጣላል፤ ለጥይትም አይደርስም። ብርቱም፣ አጭርም፣ ተደጋግሞ የሚበራም ብርሃን ያመጣው አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን ነው።

ኤጀርተን በ1903 ነብራስካ ተወለደ፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ቦስተን አጠገብ ባለው ኤምአይቲ የተመራቂ ተማሪ ሳለ የሚያሳስበው ፎቶ አልነበረም፤ ትልልቅ ሞተሮች ጭነት በድንገት ሲለወጥባቸው ለምን ይናወጣሉ የሚለው ነበር። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ከሞተሩ ዙር ጋር ሲገጥም የሚሽከረከረው ክፍል የቆመ መስሎ ታየው። ከዚያ ብርሃኑን ራሱን ማሻሻል ያዘ። ኤሌክትሪክን ካፓሲተር ውስጥ አጠራቅሞ ጋዝ በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነበር ዘዴው። ዛሬ በሠርግ ቤት የሚያብለጨልጨው የፎቶ አንሺ ፍላሽ በዚሁ መርህ ይሠራል።

ኤጀርተን ከኬነት ገርምስሃውዘንና ኸርበርት ግሪየር ጋር ሆኖ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካዎች ወሰደ። የወተት ጠብታ ማንሳት የጀመረው በ1932 ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ባለ ቀለሙ ዘውድ የተነሣው በ1957። በመካከሉ 25 ዓመት አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እየደጋገመ የተመለሰው ጫፎቹ እኩል የሆኑ ዘውድ ፍለጋ ነው። ዋርቲንግተን ካመነው በኋላ የተወውን ውበት ኤጀርተን አሳደደው። የ1957ቱ ምስል ዝነኛ የሆነውም የጠብታ ሁሉ ምሳሌ ስለሆነ አይደለም፤ ከብዙ ጠብታዎች መካከል የተገኘ ብርቅ ስለሆነ ነው።

በአልባኒያ ተወልዶ ኤምአይቲ የተማረው ግዮን ሚሊ ይህን ፍላሽ ወደ ላይፍ መጽሔት ይዞት ገባ። ዳንሰኛውና አትሌቱ በአንድ ሳህን ላይ በተደጋጋሚ ብልጭታ ደረጃ በደረጃ ታዩ። ስለ ኤጀርተን ሥራ የተሠራ አጭር ፊልም ደግሞ ኦስካር አገኘ። ሕዝቡ መሣሪያውን ያወቀው በዚህ የውበት ፊቱ ነው።

ሌላም ፊት ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤጀርተን ፍላሹን አግዝፎ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ ገጠመው። ጠላት በጨለማ ሲንቀሳቀስ ከላይ ብልጭ አድርጎ ማንሳት ተቻለ። በሰኔ 1944 ሕብረ ጦሩ ኖርማንዲ ከመውረዱ በፊት በነበረው ሌሊት የአካባቢው መንገዶች በዚህ ብርሃን ተነሥተዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1947 ሦስቱ ባልደረቦች ኢጂ ኤንድ ጂ የሚባል ኩባንያ መሠረቱ፤ ስሙ የሦስቱ ስም መነሻ ፊደል ነው። ኩባንያው ለአሜሪካ የኑክሌር ሙከራዎች የማፈንጃ ሰዓት መቆጣጠሪያና የፎቶ መሣሪያ አቀረበ። ካፓሲተር በትክክለኛው ቅጽበት እንዲለቅ ማድረግ ፍላሽም ላይ፣ ቦምብም ላይ ያው ዕውቀት ነው።

እዚህ ላይ መርሁ ተገለበጠ። ለቦምብ ፍላሽ አያስፈልገውም፤ ብርሃኑ ራሱ ነው። ስለዚህ ኤጀርተን ሜካኒካል ያልሆነ፣ ከፍቶ የሚዘጋበት ጊዜ በሚሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ሸተር ሠራ። ራፓትሮኒክ ይባላል። በዚህ የተነሡት የእሳት ኳሶች ከጥንታዊ አውሬ ጋር ይመሳሰላሉ፤ የተንጠለጠሉበት ማማ ገና ሳይወድቅ ይታያል። ከወተት ዘውድ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንድ ሰው እጅ ሥራ መሆናቸውን ለመገመት ያስቸግራል።

▪️ ዛሬ መጀመር ለሚፈልግ

ዛልኸር የባሕር ኃይል አካዳሚ ያስፈለገውን ሥራ ዛሬ አንድ ወጣት ሳሎን ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ካሜራው ውድ መሆን የለበትም፤ ሸተሩ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚፈቅድ ይሁን። የሚያስፈልገው ዋና ዕቃ ከካሜራው ተነጥሎ የሚበራና ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል ፍላሽ ነው። የስልክ መብራት ለዚህ አይሆንም፤ ኤልኢዲ ስለሆነ በቂ ጉልበት የለውም፤ የሚበራውም ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

ጀማሪ የሚሳሳትበት የመጀመሪያው ቦታ ፍላሹን ሙሉ ኃይል ላይ ማድረግ ነው። ፍላሽ ኃይሉ ሲጨምር የሚበራበት ጊዜም ይረዝማል። ሙሉ ኃይል ላይ የሰከንድ አንድ ሺኛ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በዝቅተኛው ኃይል፣ 1/64 ወይም 1/128 ላይ፣ በብዙዎቹ ፍላሾች ወደ 1/20,000 ሰከንድና ከዚያም በታች ይወርዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የወደቀ ጠብታ ታች ሲደርስ በሰከንድ 2.8 ሜትር ይጓዛል፤ በሰከንድ አንድ ሺኛ 2.8 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ይደበዝዛል፤ በ1/20,000 ግን የሚሄደው 0.14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥርት ብሎ ይወጣል። ብርሃኑ ካነሰ ፍላሹን ማቅረብ ወይም ሁለተኛ መጨመር እንጂ ኃይሉን ከፍ ማድረግ አይገባም። ፍላሹ ላይ «ሃይ ስፒድ ሲንክ» የሚል ማስተካከያ ካለም ስሙ አያታልል፤ እሱ ብርሃኑን የሚያረዝም እንጂ የሚያሳጥር አይደለም።

ቀጥሎ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ማሰር፣ ጠብታው በሚያርፍበት ቦታ እስክሪብቶ አቁሞ በእጅ ፎከስ ማድረግና መቆለፍ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ ማዋል። ክፍሉ ይጨልም፤ ሸተሩ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይከፈት፤ ጠብታው ይውደቅ፤ ፍላሹ ይብራ፤ ሸተሩ ይዘጋ። ለውሃ ጠብታ በእጅ እየሞከሩ መጀመር ይቻላል፤ ከብዙ ሙከራ ጥቂቱ ይሳካል።

ለሚፈነዳ ፊኛ ግን እጅ አይደርስም። የዛልኸር ሽቦ ተራ የሚደርሰው እዚህ ነው። ዛሬ የሽቦውን ሥራ ማይክሮፎን ይሠራል፤ ድምፁን ሲሰማ ፍላሹን ያስነሣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ማይክሮፎኑን በአንድ ሜትር ማራቅ ብልጭታውን በሦስት ሺኛ ሰከንድ ገደማ ያዘገየዋል። ምንም የተወሳሰበ ሰዓት ሳይኖር፣ ማይክሮፎኑን ወዲያና ወዲህ በማድረግ ብቻ የፍንዳታውን ደረጃ መምረጥ ይቻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ፍላሹን ፈትቶ ውስጡን መነካካት አይገባም፤ ካፓሲተሩ ባትሪው ከወጣ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሚሰበርና የሚፈነዳ ነገር ሲነሣም የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው።

▪️ ምስሉ የሚመሰክረው እስከ የት ነው?

ፎቶ አይዋሽም ይባላል። የዚህ ሙያ ታሪክ የሚያሳየው ግን ከዚህ ጠበብ ያለ ነገር ነው። ፎቶ ለአንዲት ቅጽበት ይመሰክራል፤ ከቅጽበቷ በፊትና በኋላ ያለው ጨለማ ነው። ያ ጨለማ የዘዴው ጉድለት አይደለም፤ ዘዴው ራሱ ነው። ብርሃኑ ባጠረ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፤ ምስሉ በጠራ ቁጥርም ከዙሪያው የሚያስቀረው ይበዛል።

ዛሬ ግጭት ባለበት አገር ሁሉ የ1870ው ክስ በየቀኑ ይደገማል። አንድ ምስል ይለጠፋል፤ አንዱ ወገን ወንጀሉ ተረጋገጠ ይላል፤ ሌላው ምስሉ ሐሰት ነው ይላል። በዚህ መካከል የሚጠፋው ጥያቄ ምስሉ እውነት ነው ወይ የሚለው አይደለም። እውነተኛ ምስልም ቢሆን የሚያሳየው በአየር ላይ ያለውን ጥይት ሊሆን ይችላል፤ ክሱ ግን ስለ ቁስሉ ነው። ሁለቱን ማምታታት ሐሰተኛ ምስል ከመለጠፍ ያላነሰ ጉዳት አለው፤ እንዲያውም ማስተባበል ስለማይቻል ይበልጥ ይከፋል።

የፊዩሜው ምስል ከ130 ዓመት በኋላም የሚታመነው ስለጠራ ብቻ አይደለም። የማስነሻ ሽቦዎቹ አልተደበቁም፤ ጥይቱ ምን እንደሆነ፣ ፍጥነቱ፣ የመሣሪያው አቀማመጥ ተጽፏል፤ ሌላ ሰው በሌላ አገር ደግሞ አይቶታል። የዋርቲንግተንም ሳህኖች የሚታመኑት የተበላሸውን ጠብታ ከቆንጆው ጋር አብረው ስላሳዩ ነው። የኤጀርተን ዘውድ ደግሞ እንደ ውብ ሥራ ይደነቃል፤ ጠብታ ሁሉ እንዲህ ይወድቃል ብሎ የሚጠቅሰው ግን ይሳሳታል።

ስለዚህ «ማስረጃው ይኸው» የተባለ ምስል ሲደርስ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ከዚህ ታሪክ ይገኛሉ። ብልጭታውን ማን አበራው? በየትኛው ቅጽበት? ሽቦው ይታያል ወይስ ተቆርጧል? ከስንት ጠብታ መካከል የተመረጠ ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ምስል ይጣል ማለት አይደለም፤ ፍርድ አይሰጥበት ማለት ነው። በ1870 የተነሣው ክስ ጥይቱን የሚያሳይ የመጀመሪያ ምስል እስኪያገኝ 16 ዓመት ጠብቋል፤ ምስሉም ሲመጣ ያመጣው ፍርድ ሳይሆን የተሻለ ጥያቄ ነበር። ምስል በሰከንድ ውስጥ አገር በሚያዳርስበት ዘመን 16 ዓመት ጠብቁ ማለት አይቻል ይሆናል። አንድ ቀን መጠበቅ ግን ይቻላል።